ያልተጻፈው ጓዳ

ኢንስፔክተር አራጋው ይመር በልብ ወለዱ ውስጥ የሠራው ቤት ሐሙስ ጠዋት ደሴ ከተማ ውስጥ፣ በመድኃኒት ቤቱና በልብስ ሰፊው በእንድሪስ ሱቅ መካከል ቆሞ ተገኘ። ከዚያ በፊት በቦታው ላይ ቤት አልነበረም። ለቤት የሚሆን ቦታም አልነበረም፤ መድኃኒት ቤቱና የእንድሪስ ሱቅ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ቤቱ ከመጣ በኋላም ከውስጥ ግድግዳቸው ያው አንድ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ስታስነጥስ እንድሪስ እንደ ድሮው በግድግዳው በኩል "ይማርሽ" ይላታል፣ እሷም ትሰማዋለች። ከውጭ ሲታይ ግን በመካከላቸው ሰማያዊ በር ያለው ቤት አለ።

እንድሪስ ስልክ ደወለ።

"ጋሽ አራጋው፣ ቤትዎ መጥቷል።"

"የትኛው ቤት?"

"ያ ያነበቡልኝ ነዋ። መስኮቱ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተያያዘው።"

አራጋው ኮቱን ደርቦ ወረደ። ቤቱን ልክ ወንጀል የተፈጸመበት ቦታ እንደሚያይ አድርጎ አየው፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከዚያ ቀርቦ። ሁሉም ነገር እንደጻፈው ነበር። የተሳሳተውም ሳይቀር እንደተሳሳተ ነበር። በሩ አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ይከፈታል ብሎ ጽፎ፣ ሌላ ቦታ ላይ ረስቶ ወደ ውጭ ይከፈታል ብሎ ነበር። በሩ በሁለቱም በኩል ተከፈተ።

አራጋው ዕድሜውን ሁሉ ወንጀል ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ የሚመረምረው አጣና ሚስቱን ወይዘሮ ጥሩወርቅን መመርመር ጀመረ። ገበያ ውላ ስትመለስ በየት በኩል እንደሄደች፣ ከማን ጋር እንደቆመች፣ ምን እንዳዘገያት ይጠይቃታል። ክፋት አልነበረውም። ሌላ ዓይነት ጨዋታ አያውቅም እንጂ። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች ሳለች ሽንኩርቱን ስትገዛ አጠገቧ ማን እንደነበረ ጠየቃት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"አራጋው" አለችው፣ "እኔን ከምትመረምር ለምን ሰው ፈጥረህ አትመረምርም?"

እሱም ቃሏን እንደ ትእዛዝ ተቀብሎ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ። ታሪኩ በገዛ ሳሎኑ ውስጥ ስለሚገደል አንድ የእህል ነጋዴ ነው። ምዕራፍ አንድ ላይ ቤቱ ብቻ ነው ያለው። በሩ፣ መስኮቱ፣ ሳሎኑ፣ ሶፋው፣ ቡፌው፣ ወደ ጓዳ የሚያስገባው በር ላይ የተሰቀለው መጋረጃ። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ቃል አልጻፈም። አስከሬኑ የሚገኘው ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ወደ ጓዳ የሚያስገባ ምክንያት አልታየውም። ምዕራፉን ለእንድሪስ ሲያነብለት እንድሪስ ስፌቱን አቁሞ "ወላሂ፣ ገብቼ የወጣሁ ነው የመሰለኝ" ብሎት ነበር። አራጋው በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ምስጋና አግኝቶ አያውቅም።

ሰው ሲሰበሰብ ሳጅን ሐያት መጣች። ሐያት ሥራ የጀመረችው በአራጋው ሥር ሆና ነው። ቤቱን ዞራ ለማየት ሞከረች፤ የሚዞር ነገር ስላልነበረው ተመለሰች።

"ጋሼ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ሟቹስ?"

"ገና አልሞተም። የሚሞተው ምዕራፍ ሁለት ላይ ነው።"

"እንግዲያው ምዕራፍ ሁለትን አይጽፉትም" አለች። "ሰው ሊገደል መሆኑን አስቀድመን ካወቅን መከላከል አለብን። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።"

አራጋው አስተምሯት እንደነበር አስታወሰና ተስማማ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሰውዬ ደግሞ ቤቱ ካርታ ላይ እንደሌለ ነገራቸው። መሬት ላይ መኖሩን ግን አልካደም። ከሁለቱ አንዱ መስተካከል እንዳለበት ተናግሮ ሄደ።

በማግስቱ ጥሩወርቅ ቤቱን ማየት ፈለገች። ባልና ሚስቱ አብረው ገቡ። እሷ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና በእጇ ዳበሰችው።

"ይሄ የእኛ ሶፋ ነው።"

"የማውቀውን ነው የጻፍኩት።"

"መጋረጃውም የእኛ ነው። የድሮው።"

"አዎ።"

"ጓዳው እንዴት ነው?"

"ጓዳ አልጻፍኩም።"

"ጓዳ የሌለው ቤት ምን ቤት ነው? ሰውዬው ምን ይበላል?"

"ይሞታል እኮ።"

"እስኪሞትስ?"

ጥሩወርቅ ከሶፋው ተነስታ መጋረጃውን ገለጠችና ገባች። መጋረጃው ከኋላዋ ተመልሶ ወደቀ። የእግሯ ኮቴ ጥቂት ተሰማ፣ ከዚያ አልተሰማም።

አራጋው መጋረጃውን ገለጠው። ከጀርባው ጨለማ አልነበረም፤ ብርሃንም አልነበረም። ሰው በማጅራቱ የሚያየውን ያህል ብቻ ነበር የሚታየው። እጁን ዘረጋ። እጁ ምንም አልነካም፣ ግን አልገባም።

"ጥሩዬ!"

"አቤት" አለችው። ድምጿ ቅርብ ነው፤ አልተደናገጠችም።

"የት ነሽ?"

"እዚህ።"

"እዚያ ምን አለ?"

"ምንም የለም። ወለልም የለም፤ ግን ቆሜያለሁ።"

"በይ ተመለሺ።"

"በየት በኩል?"

ሐያት ተጠርታ መጣች። መጋረጃው ፊት ቆማ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ሰላምታ ሰጠች፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅም የእናቷን ጤና ጠየቀቻት። ሐያት ወደ አራጋው ዞር አለች።

"ጠፋች ማለት አይቻልም፣ ትናገራለች። ታገተች ማለትም አይቻልም፣ ያገታት የለም።"

"ታዲያ ምን ይባላል?"

"አላውቅም፣ ጋሼ። ጓዳውን ይጻፉት። ሰው ግን እንዳይሞትበት።"

አራጋው ወረቀቱን አምጥቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠና መጻፍ ጀመረ። አንድ ነገር ሲጽፍ ጮክ ብሎ ይነግራታል።

"ወለል ጻፍኩ። ሲሚንቶ።"

"መጣ። ይቀዘቅዛል።"

"ምንጣፍ ልጨምር?"

"ጨምር።"

"መስኮት ጻፍኩ።"

"አየሁት። ዝቅ ብሏል፤ ከፍ አድርገው። ጦሳን ወደሚያሳየው አዙረው።"

መስኮቱን ወደ ጦሳ ተራራ አዞረው። "ደመናው እየወረደ ነው" አለች። "ያምራል።" አራጋው ከሳሎኑ ሆኖ መስኮቱን አያየውም፤ ተራራውንም አያየውም። ቢሆንም ደስ አለው። መደርደሪያ ጻፈላት፤ የምትቀመጥበት ዱካ ጻፈላት፤ እሷም ዱካው ይነቃነቃል አለችው፣ አስተካከለው። ይህን ያህል ጊዜ አብረው አውርተው አያውቁም ነበር። እንድሪስ ምሳ ይዞላቸው መጥቶ ሲያወሩ ሰማና ሳህኑን በር ላይ አስቀምጦ ተመለሰ።

ጓዳው ሲያልቅ አራጋው በሩን ጻፈ። በሩ ከጓዳው ወደ ሳሎኑ ያስወጣል ብሎ በግልጽ አስቀመጠው።

"ነይ ውጪ።"

"በሩ ይታየኛል" አለች። "እጄ ግን እጀታውን አይዘውም። እጄን ስፈልገው አጣሁት።"

"እንዴት ታጪዋለሽ?"

"እኔ እንጃ። ዱካው ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ዱካው ግን አይከብደውም። ክፍሉን ጽፈኸዋል፣ እኔን አልጻፍከኝም መሰለኝ።"

አራጋው ነገሩ ገባው። አዲስ ወረቀት አወጣና የለመደውን ጻፈ። ከዚያ አነበበላት።

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካሳ። መልክ ጠይም። ቁመት መካከለኛ። ልዩ ምልክት፦ በግራ ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ..."

"ምንድነው የምታነበው?"

"አንቺን ነዋ።"

"እንዲህ የሚባለው ገደል ገብታ ለተገኘች ሴት ነው" አለችው። "ጠባሳው ከምን መጣ?"

አራጋው ጠባሳው የትኛው ክንድ ላይ እንዳለ፣ ስፋቱንና ቅርጹን ያውቃል። ከምን እንደመጣ አያውቅም።

"ከምንድነው?"

"እኔ ከነገርኩህማ የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። አንተ ጻፍ።"

ወረቀቱን ቀደደውና እንደገና ጀመረ። በዚህኛው ላይ የሚያውቀውን ሁሉ አፈሰሰበት። ስትናደድ ተጠርጎ ያለቀውን ቤት እንደገና እንደምትጠርግ። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እንደምትሸፍን። እሱ ከግዳጅ ሲመለስ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ውኃ እንደምታሞቅለት። ሰው ፊት ስሙን እንደማትጠራ፣ ሲብስባት ብቻ "ሰማህ ወይ" እንደምትለው። ወጥ ሳትቀምስ ጨው እንደምትጨምርና እንደማይበዛባት። ሲጽፍ አልቅሶ እንደነበር እንድሪስ በኋላ ተናግሯል፤ እሱ ግን ማልቀሱን አላወቀም። ጠባሳው ላይ ሲደርስ እንዳለ ጻፈው፣ ምክንያቱን ግን ዘለለው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የመጨረሻውን ነጥብ አስቀመጠ። መጋረጃው ተገለጠና ጥሩወርቅ ወጣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"እንሂድ ወደ ቤት" አለች። "ምሳ ልሥራ።"

ሐያት እጇን ጨብጣ አረጋገጠች። እንድሪስ "አልሐምዱሊላህ" አለ። ባልና ሚስቱ ሽቅብ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ምሳው ላይ ጨው አልበዛም።

ጥቂት ቀናት በሰላም አለፉ። ሴትዮዋ ልክ እሱ እንደጻፋት ነበረች፤ ትስቃለች፣ አፏን ትሸፍናለች፣ ውኃ ታሞቃለች። አንድ ቀን ክንዷን እያየ ጠባሳው ከምን እንደመጣ ጠየቃት። እሷም ክንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ፣ የሰው ክንድ እንደምታይ አድርጋ አየችው።

"አላውቅም" አለች። "አንተስ?"

እሑድ ልጃቸው ቤዛዊት ከሐዋሳ ደወለች። ከእናቷ ጋር ብዙ አውርታ በመጨረሻ አባቷን እንድታቀርብላት ጠየቀች።

"አባዬ፣ እማዬን አሟታል እንዴ?"

"ምነው?"

"ሲኒማውን አነሳሁላት። አንተ ግዳጅ ስትወጣ ሁልጊዜ ተደብቀን ሲኒማ ቤት እንሄድ ነበር። ሳምቡሳ እየበላን። ምንም አላስታወሰችም። 'ከአባትሽ ጋር?' አለችኝ።"

አራጋው ይህን ሰምቶ አያውቅም። ስልኩን ዘጋና ሴትዮዋን አያት። እሷም ፈገግ ብላ አየችው። ተነስቶ ወደ ሰማያዊው በር ቤት ወረደ። ሳሎኑ እንደነበረ ነው። መጋረጃውን ገለጠ። የሚታየው ነገር አልተለወጠም፤ ወለሉ፣ ምንጣፉ፣ መስኮቱ ሁሉ ተጽፈው ሳለ ለእሱ አይታዩትም።

"ጥሩዬ?"

"አቤት። ቆየህ እኮ።"

አራጋው የበሩን መቃን ያዘ።

"አንቺ ወጥተሻል። ቤት ነሽ" አላት።

"አልወጣሁም። አንዲት ሴት አጠገቤ አልፋ ስትወጣ አይቻለሁ። ነጠላዋ የእኔን ይመስላል።"

"ማናት?"

"አንተ የምታውቃት ናታ" አለች። ድምጿ ውስጥ ቂም አልነበረም።

አራጋው ወደ ሐያት ሄዶ ሁሉንም ነገራት። ሐያት በትዕግሥት አዳመጠችው።

"ጋሼ፣ ሚስትዎ ቤት አሉ?"

"አለች።"

"ታዲያ የምንፈልገው ማንን ነው?"

እሱም ቢሆን በትክክል ሊነግራት አልቻለም። ስለዚህ የጎደለውን ጽፎ ለመሙላት ወሰነ። ሲኒማውን ጻፈ። ጥሩወርቅና ቤዛዊት የህንድ ፊልም ሲያዩ፣ ዘፈኑ ሲመጣ አብረው ሲወዛወዙ፣ ሳምቡሳ ሲበሉ። ጽፎ ሲጨርስ ቤት ያለችው ሴት የህንዱን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረች። ቤዛዊት ግን በስልክ ሳቀች። "ምን የህንድ ፊልም ነው፣ አባዬ? እማዬ ከካውቦይ በቀር አታይም ነበር።"

አራጋው ተመልሶ መጋረጃው ፊት ቆመ።

"ካውቦይ ትወጃለሽ?"

ከመጋረጃው ወዲያ ሳቅ ተሰማ። "በጣም ነዋ። ፈረሱ ሲሮጥ፣ አቧራው ሲነሳ..."

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅከኝ? 'የት ነበርሽ' ብቻ ነው የምትለኝ። የት እንደነበርኩ ሁልጊዜ ነግሬሃለሁ፣ ከሲኒማው በቀር።"

እሱም ካውቦዩን ጻፈ። ቤት ያለችው ሴት ካውቦይ ወደደች። ዘፈኑንም ግን አልተወችም፤ የተጻፈ ነገር ከእሷ አይወጣም። ስለ ልጅነቷ የሰማውን ጨመረ፣ ስለ ጓደኞቿ ከጓደኞቿ ጠይቆ ጨመረ። ሴትዮዋ እየሞላች፣ ንግግሯም እየረዘመ ሄደ። መጋረጃው ጋ እየሄደ "አሁንስ?" ሲል ግን "አሁንም እዚሁ ነኝ" የሚል መልስ ያገኛል። መጀመሪያ ላይ "በርታ" ትለው ነበር። በኋላ "አትቸኩል" ማለት ጀመረች። ደመናው ከጦሳ ሲወርድ እያየች እንደሆነ፣ ዱካውም እየለመዳት እንደመጣ ነገረችው።

"ብቻሽን አይደብርሽም?"

"ብቻዬን መሆን አዲስ አይደለም" አለች። "ግን አመሰግናለሁ። መስኮቱ ጥሩ ነው።"

ያን ቀን አራጋው ቤቱ ሳይገባ ከተማውን ዞረ። ሰዎች ሰላም ሲሉት ይመልሳል፣ ማን እንደሆኑ ግን አያስተውልም። ስንት ሰው ጠይቆ ስንቱን እንዳናገረ አሰበ። ማንኛውም ሰው ከየት እንደመጣ እሱ ማወቅ ይችላል፤ የሚዋሽ ሰው ቃሉ የት ላይ እንደሚላላም ያውቃል። ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ የማያውቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እሷ ደግሞ ሁለት ሆናለች። ቤት ያለችውን ቢጠላት ይቀለው ነበር። አልጠላትም። ማታ ማታ ውኃ ስታሞቅለት አመሰግናለሁ ይላታል፤ ለየትኛዋ እንደሚል ግን አያውቀውም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጉም ከተማውን ሸፈነው። አራጋው ወደ ሰማያዊው በር ቤት ለመሄድ ሲነሳ ሴትዮዋ አብሬህ እሄዳለሁ አለችው፤ አልከለከላትም። በዚያ ቀን ከመጋረጃው ወዲያ ያለችውን ጥሩወርቅን ምንም ሊመረምራት አልፈለገም። የካውቦዩ ታሪክ ምን እንደሆነ እንድትነግረው ብቻ ነበር የፈለገው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እሱ ሳያቋርጣት። በመንገድ ላይ ጥያቄውን በልቡ ደጋገመው።

ሳሎኑ ውስጥ ሲገቡ ከመጋረጃው ወዲያ ወሬ ይሰማ ነበር። ጥሩወርቅ ታወራለች። "...ፈረሱን እዚያው ጥሎት በእግሩ ሄደ" ትላለች። "ውኃ የለም፣ ሰው የለም።"

"ከዚያስ?" አለ አንድ ወንድ። "ከዚያስ ምን ሆነ?"

አራጋው የሰውዬውን ድምፅ አወቀው። የገዛ ራሱ ድምፅ ነበር፤ እንደ እሱ ቃል ይጎትታል፣ ከመናገሩ በፊትም ጉሮሮውን ይጠርጋል። እሱ ግን አፉን አልከፈተም። ጥሩወርቅ ታሪኩን ቀጠለች፤ ሰውዬውም፣ አራጋው በመንገድ ላይ እንዳሰበው፣ አላቋረጣትም። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱም ሳቁ።

አጠገቡ የቆመችው ሴት ክንዱን ያዘችው። "ሰው ይዛለች" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። "እንሂድ።"

አራጋው አልተንቀሳቀሰም። መጋረጃው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከሥሩ፣ ለእሱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የዱካው እግሮች ይታዩ ነበር፤ ከዱካው አጠገብ የጥሩወርቅ እግሮች፣ ከእሷ ፊት ለፊት ደግሞ ቡናማ የወንድ ጫማዎች። የግራው ጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ መሬት ላይ ወድቋል። አራጋው ወደ ራሱ እግር ተመለከተ። ያንኑ ቡናማ ጫማ አድርጓል። የግራው ማሰሪያ ተፈትቷል።

ከመጋረጃው ሥር የሴት እጅ ወረደ። የሰውዬውን ማሰሪያ አነሳ፣ አጠላለፈ፣ ሳይቸኩል አሰረና ጫፉን አስተካከለ። አራጋው ደግሞ ወደ ራሱ ጫማ አየ። የእሱ እንደተፈታ ነው።